በእጄ ሳትገባ የሸጥኳት ጠገራ ብር

«አለኝ» ቀላል ቃል ይመስላል፤ ነገር ግን በጥንቃቄ መተርጎም ይገባዋል። «አለኝ» ማለት አንድ ነገር በሰውየው እጅ፣ ኪስ፣ ሣጥን ወይም፣ ሌላው ቢቀር፣ አልጋ ሥር ሲገኝ ሰውየው አፉን ሞልቶ የሚናገረው ቃል ነው። ይህ የቀድሞው ትርጉም ነው። የዛሬው ሰፋ ብሏል፤ የነገሩ ፎቶ ስልክህ ውስጥ ካለ፣ ነገሩ አለህ። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ ያላገጡት ስልክ ስላልነበራቸው ነው። ቢኖራቸው ኖሮ ላሟን ከነደመናዋ ፎቶ አንሥተው፣ ከሥሯ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብለው ይለጥፏት ነበር።

እኔም በዚህ በሰፋው ትርጉም መሠረት አንዲት ጠገራ ብር ነበረችኝ።

የቀድሞውን ትርጉም ለሚከተሉ ሰዎች ግን ባለቤቷ እትዬ አስካለ ነበሩ። እትዬ አስካለ የአማቴ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ ቤታቸው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፍ መካከል ነው። ሚስቴ ሂሩት ሴት ልጃችንን የወለደች ሰሞን፣ «ለአራሷ ቅቤ አዘጋጅቻለሁ፣ መጥተህ ውሰድ» ብለው ጠሩኝ። ከየካ ሚካኤል ተነሥቼ ዳገቱን እያለከለክሁ ወጣሁ። እሳቸው ቅቤውን የሚያስሩበት ክር ፍለጋ ሙዳያቸውን ሲበረብሩ፣ ጀርባዋ ላይ አንበሳ ያለባት ጠገራ ብር ዱብ አለች። ልቤም አብራት ዱብ አለች።

ለምን ቢሉ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አሮጌ ገንዘብ የሚሸጥበት የቴሌግራም ቻናል ውስጥ ገብቼ ነበር። እዚያ አንበሳ ያለባት ጠገራ ስትለጠፍ ሰው እንደ ሠርግ ጥሪ ይሯሯጣል። ታዲያ «እስቲ ልያት» ብዬ ተቀበልኳቸውና ፊቷንም ጀርባዋንም ፎቶ አነሣኋት። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ብሯን ቢሸጡልኝ ደስታዬ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ምን ልታደርጋት ነው?» አሉኝ።

ብልጥ ሰው ዓላማውን አይናገርም፤ ከተናገረ ዋጋ ይጨምራል። «እንዲሁ ለአንድ ጉዳይ ነው» አልኳቸው፣ መሬት መሬት እያየሁ። እትዬ አስካለ ትክ ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። «ገባኝ፣ ገባኝ። በል ሂድ፣ እሑድ ትወስዳታለህ። ስለ ዋጋው አታስብ» አሉኝ። የገባቸው ምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን «ስለ ዋጋው አታስብ» የተባለ ሰው ጥያቄ ያበዛል?

ቁልቁለቱን ስወርድ ቅቤው በግራ እጄ፣ ስልኩ በቀኜ ነበር። «በእጅ ያለ» ብዬ ለጠፍኳት። በእጄ ያለው ቅቤው መሆኑን ማን ይጠይቃል! ታክሲ ተራ ሳልደርስ ስልኬ እንደ ጥሬ ቆሎ ምጣድ ይንጣጣ ጀመር። መላኩ የሚባል ሰው ሁሉንም በልጦ ገዛት፤ ገንዘቡንም እዚያው ላከልኝ። የደስታዬን ነገር ተዉት። በዚያ ሳምንት ክፍል ገብቼ ጂኦግራፊ ሳስተምር የዓለም ካርታ ሁሉ ገበያ ሆኖ ይታየኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ያሰጋኝ ነበር። በቻናሉ ሕግ፣ የሸጠውን ያላስረከበ ሰው ፎቶው «ከዚህ ሰው ተጠንቀቁ» ተብሎ ይለጠፋል። ተማሪዎቼ ደግሞ ከመማሪያ መጽሐፋቸው በቀር የማያነቡት ነገር የለም።

እሑድ ብሯን ላመጣለት ልሄድ ስል፣ መላኩ አላስችል ብሎት፣ «አብሬህ ልምጣ፣ ከእጅህ ልቀበላት» አለኝ። «ብሯ እጅህ ላይ አይደለችም እንዴ?» ብሎም ጠየቀኝ። «ለደህንነቷ ብዬ እንጦጦ አስቀምጫታለሁ» አልኩት። ባንክ ያለኝ ነው የሚመስለው። ዳገቱን ሁለታችንም እንደ ሙሽራ ሚዜ እየተቻኮልን ወጣነው።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አደግድገው ጠበቁን። ከጉያቸው ነጭ ጨርቅ አውጥተው ፈቱና እልልታቸውን አቀለጡት። ጨርቁ ውስጥ አዲስ የሚያብረቀርቅ የአንገት መስቀል ነበር።

«ብሯስ?» አልኩ።

«ይቺው ናት እንጂ! አንጥረኛው ጥሩ አድርጎ አቅልጦ ሠራት» አሉኝ። «አንተ አፋር፣ ‹ለአንድ ጉዳይ› ስትለኝ የማይገባኝ መሰለህ? ልጅህ ክርስትና ልትነሣ ቀርባለች። አባት ሆነህ ‹መስቀል የማሠራበት ብር የለኝም› ማለት አፈርክ። ያረጀ ብር ሱቅ አይገዛበት፤ ላቅልጠው ካላለ በቀር ጤነኛ ሰው ምን ያደርግለታል?»

ዋጋዋን ብጠይቃቸው ተቆጡኝ። ለክርስትና ስጦታ ዋጋ ይጠየቃል እንዴ?

መላኩን ለማየት ፈራሁ። ሳየው ግን ከእኔ የባሰ ገርጥቷል። የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ የተያዘ ሰው ፊት ነበር። ይህን ስመረምር ስልኩ ጮኸ። ዘወር ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አዎ ወንድሜ፣ ተቀብያታለሁ። በእጄ ናት። እንዴት ታምራለች መሰለህ!» አለ። ዓይኑ መስቀሉ ላይ ነበር፤ እንዴት ታምራለች ያለው እውነቱን ነው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ሁሉን አወጣው። ፎቶዋን ባየበት በዚያው ቀን ብሯን ለአንድ የአዳማ ሰው ሸጧታል፣ ያውም በእኔው ፎቶ። ስለዚህ እሱ የእኔን ስም ቢለጥፍ፣ እኔም የእሱን እለጥፋለሁ። ሁለት የተከበሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር አይደራረጉም። የእሱን ገንዘብ መለስኩለት፤ እሱም የአዳማውን ሊመልስ ቃል ገባ። ተጨባብጠን ተለያየን።

ልጃችን ክርስትና ተነሣች። ጠገራ ብሯም አንገቷ ላይ አለች፣ በቀድሞው ትርጉም።

መላኩ ትናንት ደውሎ ነበር። የአዳማው ሰው «ገንዘቤን አልቀበልም፣ ብሯን ነው የምፈልገው» ብሎ አስቸግሮታል። ለካስ የአዳማውም ሰው ለሌላ ሸጧታል።