ኦቦ ቀጄላ በአንድ ጠዋት ያረጁበት ስብሰባ

ለሠራተኛው እርጅና ገና በጠዋቱ የሚጨነቅ መሥሪያ ቤት ምንኛ የተባረከ ነው! የሰበታው መሥሪያ ቤታችንም በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ተጨንቆ ተጨንቆ አንድ ደብዳቤ አወጣ፦ «ዕድሜው ከአርባ አምስት ያለፈና ለጡረታው ሳይቆጥብ የቆየ ሠራተኛ፣ ያመለጠውን ለማካካስ እጥፍ መዋጮ ቢከፍል፣ መሥሪያ ቤቱ ያንኑ ያህል ይጨምርለታል።» እኔ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ በታይፕ ስመታው እንባዬ መጣ።

መጀመሪያ የደረሱት የበሩ ዘበኛ ኦቦ ቀጄላ ናቸው፤ ጸጉራቸው አንድ ሳይቀር ነጭ ነው።

«ጻፈኝ እባክህ ልጄ። ጉልበቴ ሲከዳኝ የአማቼን እጅ እንዳላይ።»

ፋይላቸውን አወጣሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት! ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት «ወጣት ብቻ ነው የምንቀጥረው» ቢሏቸው፣ ሃያ ብለው አስጽፈዋል። ፋይል ደግሞ እንደ ሰው አይዋሽም።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ወንዳፍራሽ መላ አያጡም። «ሦስት ሽማግሌ አምጣና ዕድሜህን አስመስክር» አሉና ኮሚቴ ሰየሙ።

አንደኛው ምስክር ኦቦ ገርባ «በኅዳር በሽታ ዓመት ተወለደ» አሉ። ከ፲፱፻፲፩ ጀምሬ ደመርኩ፤ አርባ ሰባት። ኦቦ ቀጄላ ደስ ብሏቸው ተነፈሱ። እዚህ ላይ ቢበቃ ኖሮ!

ግን እኛ ዘንድ ሽማግሌን በዕድሜ ማሳነስ ነውር ነው። ሁለተኛው ኦቦ ኢቲቻ ተቆጡ። «ምን ነካህ ገርባ? ሰው በሚከበርበት ቀን ዕድሜውን ትሰርቀዋለህ? ያን ጊዜ ለበሽተኛ ውሃ ያቀብል ነበር!»

ሦስተኛው ኦቦ ባይሳ ብድግ አሉ። «ሁለታችሁም አታውቁም! ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ ሚስት አግብቷል። ድግሱን እኔ ራሴ በልቻለሁ፤ ብዋሽ መሬት ትዋጠኝ!»

«ኧረ ዺሲ ባይሳ! ተው!» አሉ ኦቦ ቀጄላ።

ማን ይተዋል? ኮሚቴው ለሠራተኛው ክብር ሲል ትልቁን ቁጥር ወሰደ፤ ስልሳ ሰባት።

«እንኳን ደስ ያለህ ቀጄላ» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ። «ጡረታ በስልሳ ነው፤ ሰባት ዓመት አሳልፈሃል። ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተሃል።»

«መዋጮዬስ ጌታዬ?»

«የቱ? ያልከፈልከው?»

 ኦቦ ቀጄላ አሳዘኑኝ፤ እውነቴን ነው። ጠዋት በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ከቤት የወጡ ሰው፣ ለምሳ በስልሳ ሰባት ሊመለሱ ነው። እሳቸው ግን ወደ ኦቦ ባይሳ ዞሩ።

«እሺ። ባይሳ፣ በዚያ ሰርግ ሚዜዬ ማን ነበር?»

ኦቦ ባይሳ አንዴ ኦቦ ቀጄላን፣ አንዴ ሥራ አስኪያጁን አዩ።

«አቶ ወንዳፍራሽ ናቸዋ! እንዲያውም ከሚዜዎቹ ሁሉ ታላቁ እሳቸው ነበሩ።»

አቶ ወንዳፍራሽ በፋይላቸው አርባ አራት ናቸው። የኮሚቴው አባላት እርሳሳቸውን አንስተው መደመር ጀመሩ።

ድምሩ ሳያልቅ በአቶ ወንዳፍራሽ ፊርማ ሁለተኛ ደብዳቤ ወጣ፦ «የሽማግሌ ምስክርነት ተሰርዟል። የሠራተኛ ዕድሜ በፋይሉ የሰፈረው ብቻ ነው።»

ኦቦ ቀጄላ ወደ በራቸው ተመለሱ። በማግስቱ አቶ ወንዳፍራሽ ሲገቡ ዘበኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው ስለ ማካካሻው መዋጮ ጠየቋቸው። ሥራ አስኪያጁ ትከሻቸውን እንደ አባት መታ መታ አደረጓቸው።

«ገና በሠላሳ ስምንት ዓመትህ? ልጅ እኮ ነህ ቀጄላ፤ ምን አስቸኮለህ?»