የገዛ ክብራቸውን የተቃወሙት መምህር

ጡረታ የወጣ የታሪክና የመንግሥት አስተዳደር መምህር የሌለባት የአሜሪካ ከተማ የለችም፤ ጡረታ መውጣቱ የገባው መምህር ግን እስካሁን አልተገኘም።

አዮዋ ውስጥ፣ በቆሎ ዙሪያዋን በከበባት አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ሚስተር ኤልውድ ፕሩዊት ነበሩ። ፀጉር ቤት ይገቡና ግማሽ ጢሙ የተላጨውን ሰውዬ፣ "ሕግ የሚያወጣው ማነው? የሚያስፈጽመውስ? የሚተረጉመውስ?" ብለው ያፋጥጡታል። ሰውዬው ምላጭ ጉሮሮው ላይ እንዳለ ይመልሳል። አንድ ቀን በፍጥነት ሲነዱ የቀድሞ ተማሪያቸው የነበረ ፖሊስ አስቆማቸውና መኪናውን ልፈትሽ አለ። "የሕገ መንግሥቱ አራተኛ ማሻሻያ ስለ ፍተሻ ምን ይላል?" አሉት። ልጁ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መፈተሽን የሚከለክለውን አንቀጽ አንድ ቃል ሳይስት በቃሉ ወጣው፤ ፍተሻውንም ተወ። "ጎበዝ!" ብለው የቅጣት ወረቀታቸውን በኩራት ተቀበሉ። ቤታቸውም ቢሆን ያለ ሕግ አያድርም። እራት ዓሣ ይሁን ሲሉ ሚስታቸው አይዳ እንደ ፕሬዚዳንት ውድቅ ታደርግባቸዋለች። ውሳኔዋን ለመሻር የቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ቤቱ ውስጥ ያሉት ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው። ዓሣ ተበልቶ አያውቅም።

ከንቲባዋ ጆሊን ክሬብስም የእሳቸው ተማሪ ነበረች። ያኔ ድምፅዋ የማይሰማ ዓይን አፋር ልጅ ነበረች፤ የክፍሉ አፈ ጉባኤ አድርገው፣ መዶሻ አስጨብጠው እንድትናገር ያደረጓት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ የከተማውን አዲስ አዳራሽ በስማቸው ልታስሰይም ቆረጠች። ድንገት ልታስደስታቸው ስለፈለገች ጉዳዩን አጀንዳው ላይ ሳታሰፍር፣ ኬክ ኮሪደር ላይ ደብቃ የከተማውን ምክር ቤት ስብሰባ ከፈተች። ስማቸው ሲጠራ ሚስተር ፕሩዊት እጃቸውን አወጡ።

"ይህ አጀንዳ ለሕዝብ ተለጥፏል?"

"ሚስተር ፕሩዊት፣ እርስዎን ለማስደነቅ ብለን እኮ ነው፤ ኬክም አዘጋጅተናል።"

"መንግሥት ሕዝቡን ድንገት አያስደንቅም፣ ጆሊን። ዛሬ በኬክ የለመደ ነገ በግብር ይመጣል።"

ጆሊን ፊቷ ቀላ። ትክክል መሆናቸው ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ድምፅ ሳይሰጥበት ስብሰባው ተበተነ። አይዳ ብቻ፣ "ኬክ አጀንዳ አያስፈልገውም" ብላ ቢላዋ ፍለጋ ሄደች።

በሚቀጥለው ወር አጀንዳው በየመስኮቱ ተለጠፈ፤ ሕዝቡም አዳራሹን ሞላው። ለመናገር መጀመሪያ የተነሱት ሚስተር ፕሩዊት ነበሩ፤ ለተቃውሞ።

"በሕይወት ባለ ሰው ስም አዳራሽ አይሰየምም። እኔ ነገ ምን እንደማጠፋ በምን ታውቃላችሁ?"

"ሰዓትዎ አልቋል፣ ሚስተር ፕሩዊት" አለች ጆሊን፣ ሳቋን እንደምንም ይዛ።

የምክር ቤቱ አባላት በሙሉ ደገፉ። የተቃወመ አንድም አልነበረም። ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ወለወሉ። ከዚያ ወደ መድረኩ ሄደው እጃቸውን ዘረጉላት።

"በሥርዓቱ ተሸነፍኩ፣ ክብርት ከንቲባ" አሏት።

ከተመረጠች ጀምሮ በዚህ ስም ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነበር። ጆሊን የሚቀጥለውን አጀንዳ ለማንበብ አፏን ከፈተች፤ እንደ ልጅነቷ ድምፅዋ አልወጣ አለ።