እግሬን የሰረቀችኝ ኪኒን

መድኃኒት እንደ አማች ነው፤ ሊረዳ ብሎ ቤት ይገባል፣ እየቆየ ከጓዳ ምን እንደሚያነሳ ግን ማንም አይጠይቀውም። አማቾች አፉ በሉኝ! የኔዋ ሩቅ፣ ደሴ ስለሆኑ ነው የደፈርኩት...

ስኳር ከያዘኝ ዓመታት አልፈዋል። ሜትፎርሚን የምትባለዋን ኪኒን ጠዋት ማታ እየዋጥኩ፣ እዚህ ሜልቦርን፣ ዌሪቢ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሺፍቴን እየሠራሁ፣ እኔም ስኳሬም ኪኒኗም ተከባብረን እንኖር ነበር።

አንድ አርብ ኖርዝ ሜልቦርን ጁምዓ ሰግጄ ቤት ገባሁና ሶፋ ላይ ሳልቀመጥ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ሰይድ ናቸው፤ አባቴ የሚሆኑ የወሎ ሰው፣ ቁመታቸውም እግራቸውም አጭር። ቀኝ እግራቸው ላይ ታንኳ የሚያህል ጫማ አጥልቀዋል።

"ልጄ፣ ያንተ ጫማ እኔን ይዞኝ መጣ" አሉ። "የኔስ አንተን እንዴት ቻለህ?"

ቁልቁል አየሁ። ግራው የኔ፣ ቀኙ የሳቸው! መስጊድ በር ላይ አንድ አንድ ጫማ ተለዋውጠናል። ተረከዜ ውጭ ተንጠልጥሏል፣ ጣቶቼ እንደ ጎመን እስር ተጨብጠዋል። ያን ሁሉ መንገድ ስሄድ ምንም አልተሰማኝም ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔና ጋሼ ሰይድ ሳቅን። ባለቤቴ ዘይነብ ግን አልሳቀችም። ስኳር እግር እንደሚያስቆርጥ ሰምታለች፤ ሰሞኑን የገዛ ልጄን ስም መርሳቴንም ታዝባለች። ኩሽና ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። እኔም ጣቴን ብቆነጥጥ የሰው ጣት ሆነብኝ፤ ሳቄ ጠፋ።

ሰኞ ቡክ አድርገን ዶክተር ዘንድ ሄድን። ውስጥ እግሬን ኮረኮረኝ፤ ዝም። ደም ቀዳና ውጤቱ ሲመጣ አስጠራን። ኪኒኗ ረጅም ጊዜ ስትወሰድ ቫይታሚን ቢ አሥራ ሁለት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ልታግድ ትችላለች አለን፤ እሱ ሲያንስ ነርቭ ይደነዝዛል፣ ሐሳብም ይበተናል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው! ስኳሬን ስረግም ሰንብቼ...

ኪኒኗን ሳላቆም የቫይታሚኑን መርፌ እንድወጋ፣ ቶሎ ስለመጣሁም ስሜቱ ሊመለስ እንደሚችል ነገረን። ቫይታሚኑ ከሥጋ ስለሚገኝ ሥጋ እበላ እንደሆነም ጠየቀ። ዘይነብ ያኔ ገና ፊቷ ፈታ አለ።

"ዶክተር፣ ሌላ ነገር ይበላ እንደሆን ይጠይቁት።"

መርፌው ቀጠለ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመኝታዬ ስነሣ ትንሿ ጣቴ ከአልጋው እግር ጋር ተላተመች። እሳት!

"ዘይነብ፣ አመመኝ!" ብዬ መሬት ላይ ተዘርግቼ እስቃለሁ።

እየሮጠች መጣች። "በደንብ አመመህ?"

"ልሞት ነው!"

"አልሐምዱሊላህ" ብላ፣ እርግጡን ለማወቅ ጣቲቱን ቆነጠጠችልኝ። እኔ ስጮኽ እሷ ስትስቅ፣ ጎረቤታችን አውስትራሊያዊው ሽማግሌ ደንግጠው በሩን አንኳኩ። ዘይነብ እንባዋን እየጠረገች ከፈተችላቸው።

"ምንም አልሆንንም" አለቻቸው፤ "ባሌን አሞት ደስ ብሎን ነው።"