የአራስ ቤቱ ሶኬት

ዳምጠው ትናንት ምሳውን በልቶ ከአራስ ቤቱ በር አጠገብ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ጣለው፤ ሕልምም አየ። ሚስቱ ትርንጎ ከወለደች ገና ሳምንት አልሞላትም። አማቱ እማማ ጥሩወርቅ "አራስ ብርድ አይንካት" ብለው ከክፍሉ ብቸኛ ሶኬት ላይ ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን እየቀጣጠሉ ማሞቂያውን፣ ምድጃውን፣ የውሃ ማፍያውንና ፍሪጁን ሰክተዋል። ገመዱ ለጠያቂ ዓይን እንዳያስጠላም ምንጣፍ አልብሰውታል። ዳምጠው ይህን ሁሉ አይቷል። ግን አማትን የሚናገር አፍ ከየት ይምጣ?

በሕልሙ አራሱ እሱ ራሱ ነበር። ነጠላ ተከናንቦ አልጋ ላይ ተኝቷል። ገንፎው ማንኪያ ይዞ አጠገቡ ቆመና ክንዱን ቀመሰው።

"ገና አልበሰለም" አለ ገንፎው።

በሩ ተከፈተና ጠያቂዎች ገቡ። ማሞቂያው ጋቢ ደርቦ በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ ፍሪጁ ላብ በላብ ሆኗል፣ ምድጃው ዳቦ ተሸክሟል።

"እንኳን ማርያም ማረችህ" አሉት።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሶኬቱ በነበረበት ቦታ አንዲት የከሳች እናት ጡቷን አውጥታ ተቀምጣለች። ምድጃው ሮጦ ጎረሰ። ፍሪጁ ምድጃው ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ መጥባት ጀመረ፣ ማሞቂያው በፍሪጁ ላይ፣ የውሃ ማፍያው በማሞቂያው ላይ።

"ተቃጠልኩ እኮ" አለች እናትየዋ።

"ትንሽ ነው የምንጠባው" አሉ ሁሉም።

ዳምጠው ክው አለ። ሊጮህ ሲል ገንፎው አፉን በትኩስ እጁ ያዘውና "ዝም በል፤ እማማ ይሰማሉ" አለው። አልጋው ላይ ሆኖ የሴትዮዋ ጡት ሲጠቁር ያያል፣ እሱ ግን አማቱን ይፈራል።

ይኼኔ ልጁ ገባች። ገና ስም እንኳ ያልወጣላት ጨቅላ፣ እንደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፒንሳ ይዛ፣ ቴስተር ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ በእግሯ እየሄደች።

"አባዬ፣ ይህን ሁሉ አፍ በአንድ ጡት ላይ ማን አንጠለጠለው?"

"አያትሽ።"

"አንተስ?"

"አማቴ ናቸው እኮ፣ ልጄ።"

ጨቅላዋ በንቀት አየችው። "ሆዳሞቹ አብረው አይጠቡም" አለች። "ምድጃው ሲጠባ ማሞቂያው ይቆያል። አንዱ በሌላው ጀርባ መንጠልጠል የለም። ደግሞ የሚጠባ ነገር በምንጣፍ ይታፈናል እንዴ? በል ተነስና ንገራቸው።"

"ነገ እነግራቸዋለሁ።"

"ነገ?" ልጅቷ ግንባሯን ጠረገች፤ ፊቷ ቀልቷል። "አባዬ፣ እኔን የት እንዳስተኙኝ ታውቃለህ?"

ዳምጠው ባንኖ ነቃ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው። ወንበሩን ገልብጦ ዘሎ ገባ። ትርንጎ አልጋው ላይ ብቻዋን ተኝታለች፤ ልጅቷ ከጎኗ የለችም። ዓይኑ ሲንከራተት ጥግ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ተጠቅልላ አያት። መጀመሪያ መሰኪያውን ከግድግዳው ነቀለ፤ ከዚያ ልጁን አንስቶ ደረቱ ላይ ለጠፋት። ፊቷ ቀልቷል፣ ትተነፍሳለች። የተኛችበት ቦታ ላይ ምንጣፉ የመዳፍ ያህል ጠቁሮ ይጨሳል።

እማማ ጥሩወርቅ ገንፎ ከሚያገነፉበት ምድጃ ቀና አሉ።

"ምነው ዳምጤ፣ ልጅቷን ከሙቀቷ ታነሳታለህ?" አሉ ቅር ብሏቸው። "ያ ቦታ ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ በራሱ ይሞቃል፤ ማርያም ናት ያሞቀችላት ብዬ ነው ያስተኛኋት።"