ለጳጉሜን ያልታዘዘ ኪኒን

የበሽታን ስም የሚያወጣ ሰው በሽታውን ያውቅ ይሆናል፤ በሽተኛውን ግን አያውቅም። "ደም ብዛት" የሚለውን ስም ውሰዱ። የዓመቱን ከግማሽ በላይ በጾም የሚያሳልፍ፣ ቆዳው አጥንቱ ላይ የተጣበቀ የጋይንት ገበሬ ፊት ቆማችሁ "ደምዎ በዝቷል" ብትሉት ይስቅባችኋል እንጂ አይደነግጥላችሁም። ይኸ ስም አልሠራ ሲል ደግሞ "ግፊት" ተባለ። እሱማ ባሰ። አባቴ የመጀመሪያ ቀን "ግፊት አለብዎት" ሲባሉ ዞር ብለው ከኋላቸው የተሰለፈውን ሰው አዩት።

"ማን ነው የገፋኝ?" አሉ።

እኔ ንፋስ መውጫ አስተማሪ ነኝ። አባቴ ከከተማው ሦስት ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ ቀበሌ፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ብቻቸውን ይኖራሉ። አምና ታኅሣሥ ላይ ገበያ መሀል ዞሮባቸው ወደቁና ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ ሲስተር የዝና ሠላሳ ፍሬ ኪኒን ሰጥታ፣ በየቀኑ አንድ አንድ እንዲውጡ ነገረቻቸው። እኔን ደግሞ ወደ ጎን ጠርታ "ካቋረጡት አንድ ቀን ሳይታሰብ ግማሽ አካላቸውን ይዞባቸው ይሄዳል፤ ወይም እሳቸውን ራሳቸውን" አለችኝ። አባቴን እወዳቸዋለሁ። ፈራሁ።

አባቴ ግን ሁለት ሳምንት ውጠው ተዉት። ለምን ብላቸው "ተሻለኛ! ገብሱ ከተወቃ በኋላ በሬውን አውድማ ላይ ማን ያዞራል?" አሉኝ። ጤና ጣቢያ መልሼ ወሰድኳቸው። ለዚህ ነገር የተማረ ሰው መልስ የለውም፤ ሲስተር የዝና ግን የእስቴ ገበሬ ልጅ ናትና ነበራት።

"አባባ፣ ይኸ እንደ ውቂያ አይደለም፤ እንደ ዝንጀሮ ጥበቃ ነው" አለቻቸው። "ዝንጀሮው ሳምንት ሙሉ አልመጣም ብለው ጠባቂውን ከማሳው ያነሱታል?"

አባቴ ካሰቡ በኋላ "ያልመጣውማ ጠባቂው ስላለ ነው" አሉና ኪኒናቸውን ተቀብለው ወጡ። በጾም አልውጥም ሲሉ ደግሞ የንስሐ አባታቸው "መድኃኒት ምግብ አይደለም" ብለው ገላገሉን። የቀረን አንድ ጠላት ነበር፤ መርሳት። "ዛሬ ውጫለሁ ወይስ የዋጥሁት ትናንት ነው?" እያሉ አንዳንድ ቀን ሁለት፣ አንዳንድ ቀን ምንም። በየማለዳው ልደውል ብል የኔትወርኩን ጠባይ ታውቁታላችሁ።

ብልሃቱ የመጣልኝ ያኔ ነው። አባቴ መነጽራቸውን ያኖሩበትን ይረሳሉ፤ የልጅ ልጆቻቸውን ስም እያቀያየሩ ይጠራሉ። ታቦት ግን ስተው አያውቁም። ከእንቅልፋቸው ቀስቅሳችሁ "ዛሬ ምንድን ነው?" ብትሏቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ "አቦ ነው" ይሏችኋል። እንግዲያውስ ብዬ፣ ለየካቲት የተሰጣቸውን ኪኒን አወጣሁና በእያንዳንዱ ፍሬ ጀርባ፣ በብልጭልጩ ወረቀት ላይ፣ በእስክርቢቶ የዕለቱን ታቦት ጻፍኩበት። በአንድ ቀን ልደታ፣ በአምስት አቦ፣ በሰባት ሥላሴ፣ በዐሥራ ሁለት ሚካኤል፣ እያልኩ እስከ ወሩ መጨረሻ። ወሩ ሠላሳ ቀን፣ ኪኒኑ ሠላሳ ፍሬ። የሐበሻ ወር ሲሠራ ለደም ግፊት ታስቦ ነው ያሰኛል።

እንዴት ያለ ነገር ሆነ መሰላችሁ! አንዲት ቀን አላለፈቻቸውም። አንዴ ደውዬ "አባቴ፣ ሚካኤልን ዋጡት?" ብላቸው "አፍህን! የሚካኤልን ዋጥሁ ነው የሚባል" ብለው ዘጉብኝ። ሲስተር የዝና በየወሩ ስትለካቸው ፊቷ ይፈካል። ለሌሎች ሽማግሌዎችም አሳይ አለችኝ። እኔም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ያልሰማ እስኪጠፋ አወራሁት። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው እንደ እኔ ላለው ነው።

ነሐሴ ላይ፣ ለበዓል መንገዱ ይጨናነቃል ብዬ የመስከረሙን ኪኒን አስቀድሜ የታቦታቱን ስም ጽፌበት አደረስኩ። ከዚያ ጳጉሜን ገባች። ያቺ ለእንግዳ ስንኮራባት ከርመን ለራሳችን ስናቅድ የምንረሳት ወር።

ጳጉሜን ሦስት፣ ረፋድ ላይ፣ ለዘመን መለወጫ ብዬ ስደርስ ደጃችን ላይ ሰው ቆሟል። አባቴ በማለዳ የሩፋኤልን ጠበል ሊጠመቁ ወደ ወንዝ ወርደው ዳር ላይ ወድቀው ተገኝተዋል። ተሸክሟቸው የመጣው ጎረቤታችን አያ ካሴ "እግሬ ከዳኝ ብቻ ነው የሚሉት" አለኝ። መደብ ላይ ተኝተዋል። አፋቸው ወደ አንድ ወገን ጠመም ብሏል፤ ግራ እጃቸው የሌላ ሰው ይመስል ጎናቸው ላይ ተዘርግቷል። ሳጥናቸውን ከፈትኩ። የመስከረሙ ኪኒን ሠላሳውም አለ። አንድ አልተነካም።

"አባቴ! መድኃኒቱ እዚሁ እያለ ለምን?"

ምላሳቸው ከብዷቸዋል፤ እየጎተቱ መለሱልኝ።

"እሱ... የመስከረም ነው። ልደታ ገና ሦስት ቀን ይቀራታል። በራሷ ቀን ምን ልውጥ ነው?" ትንሽ አረፉ። "ዛሬ ሩፋኤል ነው። የሩፋኤልን አልጻፍህልኝም።"

አያችሁ? አባቴ ኪኒኑን የተዉት ረስተው አይደለም። አስታውሰው ነው። የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ልጆችን "ዓመት ስንት ወር ነው?" ብሎ መጠየቅ የሆነው እኔ።

በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያ በባጃጅ እስከ ከተማ፣ ከዚያም ደብረ ታቦር ሆስፒታል ድረስ ተልከን፣ ዘመን የተለወጠው እዚያው አልጋቸው አጠገብ ነው። እንቁጣጣሽ የሚሉት ልጆች ድምፅ በመስኮት ሲገባ አባቴ እንዳያዩኝ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተነሡ። ምላሳቸው ተፈታ፣ አፋቸው ተስተካከለ። ግራ እጃቸው ግን እስከ ዛሬ የኮታቸውን ቁልፍ አይቆልፍም። ስመጣ እኔ እቆልፍላቸዋለሁ፤ እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

ሰሞኑን ለክትትል ሲስተር የዝና ዘንድ ስንቀርብ ስህተቴን ላርም ብዬ ተነሣሁ። ጳጉሜን ስትደርስ አምስት ፍሬ ለብቻ እንድትሰጠን፣ የየዕለቱን ስም እየጻፍኩ ለየብቻ እንደማስቀምጥ፣ ካሁን በኋላ አንድም ቀዳዳ እንደማይኖር አስረዳሁ። የሞኝ ነገር፣ እንደገና ኮራ ብያለሁ።

አባቴ ሰምተው ሰምተው "በዘመነ ሉቃስስ?" አሉ።

"ምን አሉኝ?"

"በሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ናት። ስድስተኛዋን ማን ሰጠኝ?"

እኔና ሲስተር የዝና ተያየን። ሉቃስ እስኪደርስ እኮ ገና ነው። ባለፈው ጳጉሜን ከወንዝ ዳር በሸክም የመጡት ሽማግሌ፣ ሰው ሁሉ ልቅሶ ሊደርስ የተዘጋጀላቸው ሽማግሌ፣ ስለዚያች ቀን ኪኒን ይጨነቃሉ።

"ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር" አሉ አባቴ። "እሱ በሚጨምራት ቀን ያለ መድኃኒት ልገኝ?"

"አይገኙም አባባ፤ ያን ጊዜ ይምጡና ራሴ እሰጥዎታለሁ" አለች ሲስተር የዝና።

"እንዲያውስ ቀጠሮ ያዢልኝ።"

እሷም አልሳቀችም። ካርዳቸውን ስባ በሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ሥር "ጳጉሜን 6፣ ዘመነ ሉቃስ" ብላ ጻፈችበት። አባቴ በደህናው እጃቸው ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። ቀጠሮ አፍርሰው አያውቁም።