ደህና የሚሠራ ነገር የማይወደው ደረጀ

ደህና የሚሠራ ነገር ሲያይ የሚከፋው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አለኝ። ጓደኛዬ ደረጀ የሚኖረው እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ቤት በመጣ ቁጥር ግን አንድ ነገር አፕዴት ሳያደርግ አይሄድም።

ባለፈው፣ በማግስቱ የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ የሚታየውን ቪዲዮ በአሮጌው ደስክቶፔ እየጨረስኩ ነበር። ደረጀ ከኋላዬ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ።

"የግራፊክስ ካርዱን ፈርምዌር፣ ያንን ስክሪኑን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ አፕዴት አድርገኸዋል?"

"ይሠራል እኮ!"

"ታዲያ እስኪሞት ልትጠብቅ ነው?"

ምን ልበላችሁ፣ ተሸነፍኩ። አፕዴቱ ሲጀምር "እስኪያልቅ ኮምፒውተሩን እንዳያጠፉ" የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ደረጀ ጮክ ብሎ ሁለቴ አነበበልኝ። "እንዳትነካው!" ብሎ እጄን ሳይቀር ከኪቦርዱ ላይ አነሳው፤ በገዛ ቤቴ!

ሰማንያ ፐርሰንት ላይ ሲደርስ ውጭ ነጎድጓድ አጓራ። ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ከሶኬት እየተነቀለበት ያደገ ሰው እንግዲህ ምን ያደርጋል? ደረጀ "በስመ አብ!" ብሎ ዘለለና የኮምፒውተሩን ገመድ መንጭቆ ነቀለው።

መልሰን ብንሰካው፣ ብናጠፋው፣ ብናበራው፣ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቀረ። እህቴ ስለ ቪዲዮው ልትጠይቅ ስትደውል ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ደረጀ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

"ምን ያስተክዝሃል? ተመስገን በል እንጂ! ለጥቂት እኮ ነው ከመብረቅ ያተረፍኩልህ!"