ከበሩ በላይ የወጣችው ምንጣፍ

(ሐረር፣ ጁገል ውስጥ ያለ የድሮ ቤት። መቀመጫው ከግንቡ ጋር አብሮ የተሠራ፣ በቀይ የተቀባ ነደባ ነው። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። ጀይላን፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ያላገባ ጎልማሳ፣ ስልኩን ይዞ ወንበር ላይ ቆሟል። እናቱ ፋጡማ እንዳይወድቅባት ወንበሩን ይዛለታለች። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።)

ጀይላን: ይቺ ሳህን ትወርዳለች አልኩ፣ ትወርዳለች።

ፋጡማ: ምን አጠፋች?

ጀይላን: አላጠፋችም። ግድግዳው መተንፈስ አለበት።

ፋጡማ: ያ ረቢ፣ እስከ ዛሬ አፍነነው ነው የኖርነው?

ጀይላን: በሳህን ላይ ሳህን ደርድራችሁ አፍናችሁታል።

ፋጡማ: ሌሊት ሌሊት የሚያስለው እኮ ጎረቤት ይመስለኝ ነበር።

ጀይላን: እማ፣ ይሄ ዲኮር ይባላል። ሙያ ነው። ቤት ሳትቀይሪ ቤትሽን ትቀይሪያለሽ።

ፋጡማ: ሳልቀይር እቀይራለሁ?

ጀይላን: አዎ።

ፋጡማ: ሳልበላ ጠገብኩ እንደማለት ነው።

ጀይላን: እንደሱ አይደለም። ትናንት ለአክስቴ ለናፊያ በስልክ ምን አልሻት? "ይሄ ቤት ሰለቸኝ" አላልሽም?

ፋጡማ: ብያለሁ።

ጀይላን: ቀጥለሽ ደግሞ "ድሬዳዋ መጥቼ ካንቺ ጋር ልኑር" ልትያት ነው።

ፋጡማ: የድሬን ሙቀት ብችለው ኖሮማ...

ጀይላን: አየሽ፣ አስበሽበታል። አንቺ ከሄድሽ እኔ ምን እበላለሁ?

ፋጡማ: እናትህ ልትሄድ ነው ብለህ ስታስብ መጀመሪያ የመጣብህ ሆድህ ነው?

ጀይላን: ልቤም መጥቷል። ሆዴ ቀደመው እንጂ።

ፋጡማ: ጀይላን፣ የሰለቸኝ ዝምታው ነው። አንተ ቀንም ከስልክህ ጋር፣ ማታም ከስልክህ ጋር። አባትህ ከሞተ ወዲህ ማታ ማታ የሚያነጋግረኝ ያ ዜና አንባቢ ብቻ ነው። እሱም ከመጣ ጀምሮ የራሱን አውርቶ ደህና እደሩ ይለኛል። ብቻዬን ነኝ፣ ልጄ።

ጀይላን: ገባኝ። ቀለም ነው የሚያስፈልግሽ።

ፋጡማ: ቀለም?

ጀይላን: ሞቃት ቀለም።

ፋጡማ: ማን ጥዶት?

ጀይላን: ሲያዩት የሚሞቅ ማለት ነው። ብርቱካንማ ነገር። ከዚያ ሶፋውን ወደ መስኮቱ...

ፋጡማ: ሶፊ ወረዳ ማን አለን? አክስትህ እንደሆነች ሶፊን ለቃ ድሬዳዋ ከገባች ቆየች።

ጀይላን: ሶፋ፣ እማ። ሶፋ። የሚቀመጡበት።

ፋጡማ: የምንቀመጠው ነደባው ላይ ነው። ከግንቡ ጋር የተሠራ ነው። እሱን ልታዞረው ነው?

ጀይላን: (ወርዶ ነደባውን በጉልበቱ ገፋ አድርጎ ይሞክራል፤ ጉልበቱን ያሻል) እሱ እዚያው ይቆይ። የሚያምረው እዚያ ነው።

ፋጡማ: እኔም ሳየው እዚያው እንደሆነ ነው።

ጀይላን: አትሳቂ። ሦስት ሺህ ሰው የሚከተለኝ በከንቱ መሰለሽ?

ፋጡማ: አዑዙ ቢላህ፣ ምን ወስደህባቸው ነው?

ጀይላን: በስልክ ነው የሚከተሉኝ።

ፋጡማ: በስልክ ይሻላል። ድንጋይ አይወረውሩም። መጋረጃውንስ ሐጂ አብዱልፈታ ቢለኩት?

ጀይላን: የጊቢያችን ሐጂ? የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ላይ ሱሪ የሚያሳጥሩት?

ፋጡማ: ሱሪ ብቻ አያሳጥሩም። መጋረጃም ይሰፋሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ደግሞ ሥራ በጊዜ ያደርሳሉ። ጨዋታም ያውቃሉ።

ጀይላን: ለመጋረጃ ጨዋታ ምን ያደርግለታል? ይልቅ ከሣጥኑ ጀርባ ያለችው ያቺ ምንጣፍ ምንድነች?

ፋጡማ: እሷማ የሠርጌ ምንጣፍ ናት።

ጀይላን: ከበሩ በላይ ያለው እንጨትስ? ለምን ባዶውን ተቀመጠ?

ፋጡማ: ምንም ስላልተቀመጠበት ነው።

ጀይላን: ባዶ ቦታ በዲኮር ነውር ነው። ምንጣፏን እንደተጠቀለለች እዚያ እናወጣታለን።

ፋጡማ: ግድግዳውን አስተንፍሰህ በሩን ልታንቀው ነው?

ጀይላን: አይገባሽም።

ፋጡማ: አይገባኝም። ግን ልጄ፣ ምንጣፍ እዚያ ላይ ሲወጣ እኮ በእኛ አገር...

ጀይላን: እማ፣ አዲስ አበባ የተማርኩት ማነኝ?

ፋጡማ: አንተ ነህ።

ጀይላን: ታዲያ የሚያውቀው ማነው?

ፋጡማ: አንተ ነህ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።

ጀይላን: ይበል። ሰው ምንም የማይልበት ዲኮር ምኑን ዲኮር ሆነ?

ፋጡማ: እንግዲህ እኔ አልሰቀልኩም።

ጀይላን: እኔ ነኝ የሰቀልኩት። ማንም ቢጠይቅ ጀይላን ነው የሰቀለው በይ።

ፋጡማ: እስቲ ድገመው።

ጀይላን: ጀይላን ነው የሰቀለው።

ፋጡማ: ጥሩ ነው። (ወንበሩን ራሷ ወደ በሩ ትገፋለታለች።) ቀኝህን ከፍ አድርገው። ዘመመ። አሁን ተስተካከለ። ከጊቢው ይታያል?

ጀይላን: (ምንጣፏን አውጥቶ ወርዶ ያያል) በሩ ክፍት ከሆነ እስከ ሐጂ በር ድረስ ይታያል።

ፋጡማ: እንዲያ ከሆነ ክፍት ይሁን። ቤቱም ይተንፍስ።

(ጀይላን በስልኩ ይቀርጻል።)

ጀይላን: ውድ ተከታዮቼ፣ ሳትከራዩ፣ ሳትሸጡ፣ ሳትለቁ ቤታችሁን እንዴት ታድሳላችሁ? ይኸው፣ ከበሩ በላይ ተመልከቱልኝ። (ይልከዋል። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ መጮህ ይጀምራል።) አየሽ? ገና ከመውጣቱ ሰው ተንጫጫ። "የመኪና ግርግር ልጅ" የሚባል አንዱ "ማሻአላህ፣ ስንት ዓመቷ ነው?" ይላል።

ፋጡማ: መልስለት እንጂ። ሰው ጠይቆ ዝም አይባልም።

ጀይላን: ምንጣፏ ስንት ዓመቷ ነው?

ፋጡማ: እኔ ቁጥር ምን አውቃለሁ? አንተ ገምት።

ጀይላን: (እየጻፈ) "ሃምሳ አልፏታል። ግን ጥንካሬዋ ያው ነው።" ደግሞ "ከየት ናት?" አለ።

ፋጡማ: አባትህ ከድሬዳዋ አይደል ያመጣት?

ጀይላን: "አባቴ ከድሬዳዋ ያመጣት ናት። እሱ ከሞተ ወዲህ ጥግ ይዛ ነው የኖረችው። አቧራዋ ቢራገፍ አዲስ ናት።" ጥሩ ጻፍኩ?

ፋጡማ: (በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና) በጣም ጥሩ። አቧራዋ የሚለው ትንሽ ከበደ እንጂ።

ጀይላን: አሁን ደግሞ "ቤተሰቡ ፈቅዷል ወይ?" ይላል። ምን ማለቱ ነው?

ፋጡማ: እንጃ። መምጣት ፈልጎ ይሆናል።

ጀይላን: "በደስታ። ከአስር ሰላት በኋላ ኑና እዩዋት።" አየሽ፣ ሙያ ማለት ይሄ ነው። ሰው ቤትሽ ድረስ ይመጣል።

ፋጡማ: እሱስ ሙያ ነው። ቆይ ልብሴን ልቀይር።

ጀይላን: ምንጣፍ ለሚያይ ሰው አንቺ ምን አስለበሰሽ?

ፋጡማ: ቤቱ ታድሶ እኔ አሮጌ ልምሰል?

(ትገባለች። ጀይላን ሳህኖቹን ከወዲያ ወዲህ ሲያደርግ ይቆያል። ሰዓቱ ደርሶ የጊቢው በር ይንኳኳል። ፋጡማ አጊጣ፣ እጇን ሂና ተቀብታ ትወጣለች።)

ጀይላን: (በመስኮት አጮልቆ) እማ፣ ሽማግሌዎች ናቸው። ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ጫት በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ይዘዋል። ሐጂ አብዱልፈታ ደግሞ ከበራቸው ቆመው ኮፍያቸውን ያስተካክላሉ። ለምንጣፍ እንዲህ ይለበሳል?

ፋጡማ: ለምንጣፍ አይለበስም።

ጀይላን: ታዲያ ለምን?

ፋጡማ: ተቀመጥ። እዚያ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ምንጣፍ ሲወጣ፣ እዚህ ቤት የምትዳር ሴት አለች ማለት ነው። እኛ ቤት ሴት ልጅ ስላልተወለደች ባዶ ኖረ። አንተም በልጅነትህ አዲስ አበባ አጎትህ ጋ ስለሄድክ አላየህም።

ጀይላን: የምትዳር ሴት? እዚህ ቤት ሴት የት አለችና?

(ፋጡማ ሂና የተቀባ እጇን እያየች ሻሿን ታስተካክላለች።)

ጀይላን: ከአንቺ በቀር ማለቴ ነው። (ስልኩን አውጥቶ የጻፈውን ድምፁ እየቀነሰ ያነባል።) "ሃምሳ አልፏታል... አባቴ ከድሬዳዋ ያመጣት..." እማ፣ አንቺም ከድሬዳዋ ነሽ።

ፋጡማ: ነኝ።

ጀይላን: ያ አላህ። እናቴን በሦስት ሺህ ሰው ፊት አቧራዋ ቢራገፍ ብያታለሁ። ይሄ "የመኪና ግርግር ልጅ" ማነው?

ፋጡማ: የሐጂ የልጅ ልጅ ነው። እሳቸው ያለመነጽር አያነቡም፣ እሱ ነው የሚያነብላቸው።

ጀይላን: አውቀሽ ነው?

ፋጡማ: አውቄ ነው። ምንጣፉ ለልጃገረድ ነው፤ እኔ ብሰቅለው ሰፈሩ መሳቂያ ያደርገኝ ነበር። ልጇ ሲሰቅለው ግን "ልጇ ፈቀደላት" ይባላል። ሐጂ ደግሞ ልጅሽ ሳይፈቅድ ሽማግሌ አልልክም ብለው እምቢ አሉኝ። ልነግርህ በጀመርኩ ቁጥር ቀለም ነው የሚያስፈልግሽ ትለኛለህ።

ጀይላን: አሁንስ እኔ ምን ልሁን?

ፋጡማ: የቤቱ ወንድ አንተ ነህ። ነደባው ላይ ከፍ ብለህ ተቀመጥና ጥያቄያቸውን ስማ። እሺ እስክትል ከልብህ አስብበት፤ ብዙ ግን አትቆይ፣ ሰዎቹ ሽማግሌ ናቸው።

ጀይላን: እሺ ብል ልትሄጂብኝ ነዋ።

ፋጡማ: የት እሄዳለሁ? ቤቴን ወድጄዋለሁ። ሐጂ ናቸው ወደዚህ የሚመጡት።

ጀይላን: እኔስ?

ፋጡማ: (ከጉያዋ ቁልፍ አውጥታ መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች) የእሳቸው ክፍል ተለቋል። አንተ እዚያ ግባና እንደ ልብህ አድሰው። የሽሮ ዱቄቱን እዚያው ከበሩ ጀርባ አስቀምጬልሃለሁ፤ ራስህ ስትሠራው፣ ሲንተከተክ ማማሰል እንዳትረሳ።